ስለ ዐፀድና ስለ ካብ፤ ዝናብ በጐደለ ጊዜ ሕዝቡ አገሩን ስለ ጠበቀበት ብልሃት

የቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ ሲከበር በሚታተም መጽሐፍ ውስጥ ሕንፃውን ማን እንዳሠራው፥ ታቦቱ መቼ እንደ ገባ፥ በየዘመኑ ማን አለቃ ማንስ መሪ ጌታ እንደ ነበረ መጻፍ የተለመደ ነው። ይህም መልካምና ተገቢ ነው፤ ሌሎች ጸሓፊዎችም ይህንኑ በሚገባ ይፈጽሙታል። እኔ ግን ከሕንፃው ወጥቼ በቅጽሩ ውስጥ ስለሚቆሙት ዛፎች፥ ከቅጽሩም አልፌ ስለ ዝናብና ስለ መሬት ጥቂት ለመናገር አሰብሁ። በዘመናችን የአየሩ ጠባይ እየተለወጠ መሄዱን ገበሬው በእርሻው፥ ከተሜውም በገበያው አይቶታልና፤ የሚመጣውን በምን እንችለዋለን የሚለው ጥያቄም ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ በየደጀ ሰላሙ ይሰማል። ለዚህ ጥያቄ ያለፈው ታሪካችን የሚመልሰው ነገር አለው።

አስቀድሞ የነገሩን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። የአየር ጠባይ መርማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ያህል እንደ ጨመረ አስታውቀዋል። ቍጥሩ ለጆሮ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀት በጨመረ መጠን እርጥበት ከመሬት ቶሎ ይነሣልና፥ የዝናቡ ልክ ባይጐድል እንኳ ዘግይቶ ሲጀምር ወይም ቀድሞ ሲያቆም ለሰብሉ ሳይበቃ ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ በከሸፈ ጊዜ የምግብ ርዳታ ያስፈለገው ሰው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በቦረናና በሶማሌ አገር አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ በሜዳ ላይ አለቀ። እንግዲህ የምንናገረው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም።

ወደ ኋላ ተመልሰን ከምናስታውሰው መከራ ሁሉ የበረታው ክፉ ቀን የተባለው፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ነው። መነሻው ሁለት ነበር። አንደኛው በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋራ የመጣው በሽታ ነው። ያገራችን ሰው ይህን በሽታ ደስታ ይለዋል፤ ክፉውን ነገር በበጎ ስም ጠርቶ ለማባበል ይመስለኛል። ሁለተኛው የዝናብ መጥፋት ነው። በነዚህም ላይ አንበጣና ተምች አይጥም ተጨመሩበት። በሬው ካለቀ በኋላ ጥቂት ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚያርስ አልተገኘምና፥ እህሉ የጠፋው ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከቀንበርም ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን ረኃብ ድርቅ ብቻውን አመጣው ማለት አይገባም፤ ድርቅ የሚገድለው ሌላ ነገር አስቀድሞ ያደከመውን አገር ነው። ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል።

በዚያን ጊዜ ሰው ምን አደረገ? ዐፄ ምኒልክ ጐተራቸውን ከፍተው ለተራበው አበሉ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መሬት ቈፈሩ። ንጉሥ በእጁ ሲቈፍር ባላባቱና ወታደሩ ያለ በሬ መሥራትን እንዳያፍርበት ያደረጉት ነገር ነው፤ በዚያን ዘመን መሬት በእጅ መቈፈር ለጌታ ይቅርና ለገበሬም እንደ ውርደት ይቈጠር ነበርና ይህ ምሳሌ ከአንድ ጐተራ እህል የሚያንስ አልነበረም። ከደጋው ብዙ ሰው ቀዬውን እየተወ ፈለሰ። እንሰት በሚተከልበት በደቡቡ አገር ደግሞ ተክሉ በሥሩና በግንዱ እርጥበት ስለሚይዝ ጥቂት የዝናብ ወራት ቢታጡ ቶሎ አይሞትምና፥ ባለ እንሰቱ ከባለ ጤፉ ይልቅ የሚይዘው ነገር ነበረው።

ይህ ሁሉ ግን መከራው ከደረሰ በኋላ የተደረገ ነው። የሚበልጠው ብልሃት መከራው ሳይመጣ የሚሠራው ነው፤ የቀረውም ጽሑፌ ስለዚሁ ነው።

ዳሩ ግን ወደዚያ ከመድረሴ በፊት አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። በአባቶቻችን ዘመን አገሩ ሁሉ በዱር የተሸፈነ ነበር፥ የተራቈተው በእኛ ዘመን ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ በስብከትም ላይ ይነገራል። በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ እስከ መቅደላ ሲጓዝ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጅግና የኢትዮጵያ መርማሪዎች በዚያው ስፍራ ቆመው ያንኑ ተራራ ደግመው አነሡትና ሁለቱን ሥዕል አስተያዩ። በትግራይና በአካባቢው ባለው ደጋ ተራራው ያን ጊዜም በብዙ ስፍራ የተራቈተ ሆኖ ተገኘ፤ በኋለኛው ሥዕል ደግሞ በብዙ ስፍራ ዛፉ በርክቶ እርከኑም ተሠርቶ ታየ። በመካከሉ ያለው ሕዝብ በዝቶ ሳለ መሬቱ የተሻለ መሆኑ የሚያስደንቅ ነገር ነው። እኔ ከዚህ የተማርሁት፥ የድሮውን እያመሰገንን የዛሬውን ሰው ብቻ ለመክሰስ ማስረጃው እንደማይረዳን ነው። አባቶቻችንም ቈርጠዋል፤ የዘመናችንም ገበሬ ተክሏል።

በከተማ የሆነውም ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያካባቢዋ እንጨት ስላለቀ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሕንፃ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመነሣት ያዳናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ በፍጥነት እያደገ ማገዶና ማገር ሆነላት። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ባሕር ዛፍ ግን ውለታውን ያለ ዋጋ አልሰጠም፤ ውኃ ይጠጣል፥ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም። በዛሬው ጊዜ በየገጠሩ ደብር ለገቢ ሲባል ባሕር ዛፍ በዐፀድ ውስጥ ሲተከል ሳይ ልቤ ሁለት ይሆናል። የደብሩ አገልጋዮች ደመወዝ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለምና መተከሉን ጨርሼ አልነቅፍም፤ ነገር ግን የወይራና የጽድ ቦታ ለእርሱ ሲለቀቅ ጥሪቱን እንደሚበላ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከመከራ በፊት የተሠራውን ብልሃት ስመረምር በየስፍራው የማገኘው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ክልከላ ነው። አንድ ሕዝብ ከመሬቱ ከፍሎ ይህን አንነካውም ብሎ ይማማላል፤ ጠባቂም ይሾምበታል።

ለዚህ በመንዝ ያለው ጓሳ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው። ጓሳ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ብርዳም ደጋ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለመኝታም ይሆናል፤ በበጋም ለከብት ግጦሽ ነው። ያገሩ ሰው ይህን መሬት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል ይባላል። መሬቱ ለአስቦና ለጌራ ወገን የተከፈለ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ወገን አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል። አባ ቄራው ጓሳውን ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ይዘጋዋል። በተዘጋበት ጊዜ ሣር ማጨድም፥ ከብት ማሰማራትም፥ እንጨት መልቀምም የለም። ሣሩ በቂ ሆኖ በታየ ጊዜ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን ጉባኤና በገበያ ይነገራል፤ በጋው በበረታበት በየካቲት ገደማ ይከፈታል፤ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ሰውም ከብቱም ይወጣል።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለቱን ነገር ተመልከት። መጀመሪያ፥ ክልከላው የሚከፈትበት ቀን አለው። ሰው ለዘለዓለም የተዘጋበትን ነገር ሌሊት ገብቶ ይሰርቃል፤ ቀኑ የታወቀለትን ግን ይጠብቃል። ሁለተኛ፥ የሚከፈተው ሰውና ከብት በሚጨነቁበት ወራት ነውና፥ ጓሳው እንደ ጐተራ ነበር። ዝናብ በጐደለበት ዓመት ከታች ያለው ሜዳ ሲደርቅ የሰው ዐይን ወደዚያ ይቀና ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ርስቱም ቀረ፥ የአባ ቄራውም ሥልጣን አብሮ ወደቀ። ርስት ብዙ ሰው የበደለ ሥርዓት ነበርና መሻሩን የሚነቅፍ ሰው አልበዛም፤ ቄሮም ቢሆን የርስተኞች ነበር እንጂ መሬት ያልነበረውን ሰው አያካትትም ነበር። የሆነው ሆኖ ጠባቂ የሌለው ሜዳ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሣሩና ቍጥቋጦው ተጐዳ። ኋላ ያገሩ ሰዎች እንደ ገና ተሰብስበው በአዲስ መተዳደሪያ ጥበቃውን መለሱት፤ በዚህም ጊዜ የአስቦና የጌራ ዘር ብቻ ሳይሆን ያካባቢው ነዋሪ ሁሉ ድርሻ አገኘ። ጓሳም ዛሬ የመንዝ ሕዝብ ራሱ የሚጠብቀው ስፍራ በመሆኑ ይታወቃል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ይኖሩበታል።

በኮንሶ ያለው ሕዝብ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዷል። ዝናቡ ትንሽና ድንገተኛ፥ መሬቱም ድንጋያማ ስለ ሆነ፥ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካበ ተራራውን ሁሉ እርከን አድርጎታል፤ አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ካቡ አፈሩን ይይዛል፥ የዘነበውንም ውኃ ሳይሮጥ ያሰርገዋል። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች ጋራ መዘገበው። ካብ በየዓመቱ ይፈርሳልና በየዓመቱ የሚጠግን እጅ ይፈልጋል፤ ወጣቱ ወደ ከተማ በሄደ ቍጥር ያ እጅ ይጐድላል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በደቡብ ጐንደር ብቻ ከ1000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያቸው በዛፍ ተከቦ ይገኛል። በኤሮፕላን ሆኖ የተመለከተ ሰው ቡናማ በሆነ የእርሻ ባሕር ውስጥ የተበተኑ አረንጓዴ ደሴቶች ይመስሉታል፤ ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በዚያ አገር 28 የቤተ ክርስቲያን ዐፀዶችን መርምረው 168 ዓይነት እንጨት ቈጥረዋል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ያገር ተወላጅ ነው። ጽድ፥ ወይራ፥ ዝግባ፥ ኮሶ፥ ዋንዛ በሌላ ስፍራ ሲጠፋ እዚያ ቀርቷል። ገበሬው ዛፍ የሌለውን ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንዳጣ ሰው ይቈጥረዋልና ምሳሩን ወደዚያ አላነሣም፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አልነበረውም፥ አላስፈለገውምም።

ጥቅሙ ግን ከአምልኮ አልፎ ለእርሻውም ነበር። ከዛፉ ሥር ያለው አየር ከሜዳው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ዝናቡ በቅጠልና በሥር ተይዞ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይገባል፥ በዐፀድ ውስጥም ጸበል የሚፈልቅባቸው ብዙ ናቸው። ንቡና ወፉ ከዚያ ወጥቶ በገበሬው ሰብል ላይ ይሠራል። የአየሩ ሙቀት በጨመረ መጠን ይህ ሁሉ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በ1930 ዓ.ም. ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ጊዜ ከኤሮፕላን ላይ ያነሡት ፎቶግራፍ ዛሬ ለበጎ ሥራ ውሏል። መርማሪዎች ያን ሥዕል ከዘመናችን ሥዕል ጋራ ሲያስተያዩ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን በ77 ዓመት ውስጥ በስፋቱ ብዙ እንዳልቀነሰ አገኙ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በ1930 በደኑ ዙሪያ የነበረው ቍጥቋጦና በየእርሻው መካከል የቆመው ዛፍ አብዛኛው ጠፍቷል። ደኑ ስፋቱን ቢጠብቅም ጐረቤት አጥቶ ብቻውን ቀርቷል፤ ነፋሱና ፀሐዩ በቀጥታ ይመታዋል።

ከዚህ የሚከፋው ከውስጥ ያለው ነው። ደኑ ሲታይ ቆሟል፤ ሽማግሌ ዛፎች ግን ልጅ አጥተዋል። ከብት በዐፀዱ ውስጥ ገብቶ ቡቃያውን ይበላል፥ ይረግጣል። ዶክተር ዓለማየሁና ጓደኞቻቸው ከብት እንዳይገባበት በታጠረው ስፍራና ባልታጠረው ስፍራ የበቀለውን ቈጥረው በማስተያየት ይህን አረጋግጠዋል። አፈሩንም ወስደው በውስጡ ያለውን ዘር መርምረው፥ ከትልልቆቹ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ረዥም ጊዜ እንደማይቈይ አገኙ። የዚህ ትርጉሙ ከባድ ነው፤ እናት ዛፍ ከተቈረጠች ተመልሳ የምትበቅልበት ቀለብ መሬቱ አላስቀመጠላትም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአባቶች ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባሎች በትሕትና የምናገረው አለኝ። ዐፀዱን የሚያጠበው ከብት ብቻ አይደለም። ሕንፃው ሲሰፋ፥ አዳራሽ ሲሠራ፥ የመቃብሩ ሐውልት በሲሚንቶ ሲገነባ፥ ለበዓል የሚመጣው ሕዝብ የሚቆምበት ሜዳ ሲጠረግ፥ ዛፉ በየጊዜው አንድ አንድ እየተባለ ይወድቃል። ሁሉም ለመልካም ሥራ ነው፤ እያንዳንዱም ሲታይ ጥቂት ነው። እኔ ራሴ አንድ ትልቅ ወይራ ለአዳራሽ መሠረት ሲቈረጥ ቆሜ አይቼ ዝም ብዬአለሁ፤ ያን ጊዜ አዳራሹን እንጂ ወይራውን አላሰብሁትም ነበር።

መድኃኒቱ በደቡብ ጐንደር በተግባር ታይቷል፤ እርሱም ያው አሮጌው ካብ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ካህናቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሣውን ሥዕል አሳዩአቸው፤ ካህናቱም ዐፀዳቸው ምን ያህል ብቻውን እንደ ቀረ በዐይናቸው ባዩ ጊዜ በካብ ለማጠር ተነሡ። ድንጋዩ ከገበሬው እርሻ ይለቀማል፤ እርሻው ከድንጋይ ሲጠራ ማረሻ ይቀለዋልና ገበሬው በሥራው ላይ ቅሬታ የለበትም። ካብ በታጠረባቸው ደኖች ካልታጠሩት ይልቅ ቡቃያው እንደሚበረክት መርማሪዎች መስክረዋል።

ቤተ ክርስቲያን ካለበት ስፍራ ወጥቶ መንደሩን ሁሉ ስለ አዳነ ክልከላ ደግሞ በትግራይ በውቅሮ አጠገብ ያለውን አብርሃ ወአጽብሃን እጠቅሳለሁ፤ ስሙን ያገኘው ከዓለት ከተፈለፈለው ከታወቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። መንደሩ በድርቅና በጐርፍ ተጐድቶ ሕዝቡ ወደ ሌላ ስፍራ ይሰፍር ዘንድ ታስቦ ነበር። ሰዎቹ ግን ቀዬአችንን አንለቅም ብለው ገደሉን ከከብትና ከምሳር ከለከሉ፤ እርከንና ክትር ሠሩ፥ የዝናቡን ውኃ የሚይዝ ጕድጓድ ቈፈሩ። ውኃው ከላይ መሮጡን ትቶ ወደ መሬት በመግባቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጥቂት ሜትር ጥልቀት የጕድጓድ ውኃ ተገኘ፤ አትክልትና ፍራፍሬም ተተከለ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኤኳተር ሽልማትን ሰጣቸው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ድካሙን ትተው ፍሬውን ብቻ ይነግሩናል። ገደሉ ሲከለከል በመጀመሪያ የሚጐዳው በሬ ያለው ሰው አይደለም፤ በሬ ያለው እርሻም ገለባም አለው። የሚጐዳው ከሁለት ፍየል በቀር ሌላ ሀብት የሌለው፥ ፍየሉንም በገደል ላይ የሚያሰማራ ድኻ ነው። ስለዚህ ክልከላ በተደረገበት ስፍራ ሁሉ ሣሩን እያጨዱ ለመውሰድ የተፈቀደለት፥ ከጕድጓዱም ውኃ ድርሻ ያገኘ ድኻ ክልከላውን ሲጠብቅ፥ ምንም ያልተሰጠው ግን ሌሊት ፍየሉን ሲያስገባ ይታያል። በጓሳ የሚከፈተው ቀን የሠራውን ሥራ በሌላው ስፍራ ማጭድ ይሠራዋል።

በዐፀዱም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። በአንዳንድ ደብር ካቡ ሲሠራ ከመጨረሻው ዛፍ ሥር ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ወደ ሜዳው ወጣ ብሎ ይካባል፤ ይህም የወደቀው ዘር የሚበቅልበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። በካቡና በዛፉ መካከል ያለው ያ ጠባብ መሬት ባዶ ይመስላል፥ ሣር ብቻ ይታይበታል፤ ከብት አይገባበትም፥ ሣሩን ግን የሰበካው ድኻ በማጭድ ያጭደዋል። ጐንበስ ብሎ የተመለከተ ሰው በሣሩ መካከል ከጣት የማይበልጥ የጽድና የወይራ ቡቃያ ያገኛል።